ውሃ የጠማት ጀልባ

ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣ የኡመይርን ሱቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ አዲስ የተፈለጠ የዋንዛ ሽታ እየመራ ያደርሰዋል። ኡመይር ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ የመጥረቢያ ብዛት ቀኝ ትከሻውን ዝቅ ያደረገበት ዝምተኛ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ ይፈለፍላል። በርጩማው አፈር ላይም ተቀመጠ ሊሾ ላይ አይንገዳገድም። በዚህ ይታወቃል፤ እናቱ ባይኖሩ ኖሮ በዚሁ ብቻ ታውቆ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር።

እናቱ አዴ ዘይቡ ጅሬን ካለው ቤት በረንዳ ላይ፣ ልጃቸው በሠራላቸው በርጩማ ተቀምጠው ይውላሉ። ከአሰንዳቦ መስመር የመጣ ሰው በደጃቸው ካለፈ ሰላምታውን ሳይጨርስ ይይዙታል።

"ውሃው እንዴት ነው? ሞልቷል?"

ክረምቱ ሲበረታ ጥያቄያቸውም ይበረታል። የሚጠይቁት በአዲስ አበባው መንገድ በኩል ስለተንጣለለው የግቤ ግድብ ውሃ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ያ ውሃ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ፣ የተዳሩበትንና ኡመይርን የወለዱበትን ቡርቃ የሚባል መንደር ከሥሩ አስገባው። ሰዉ ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወደ ከፍታው ተዛወረ፤ አዴ ዘይቡም ከጊዜ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ጅማ ገቡ። ከመንደሩ ከውሃ በላይ የቀረው የቱሉ ቦሩ ኮረብታ አናት ብቻ ነው። እዚያ አናት ላይ የባላቸው የአባ ዳባ መቃብር አለ። ውሃው በሞላ ቁጥር ኮረብታዋ ታንሳለች፤ ኮረብታዋ ባነሰች ቁጥር አዴ ዘይቡ እንቅልፍ ያጣሉ።

"ዘንድሮ ዚያራ እሄዳለሁ፣ መቃብሩን አያለሁ" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። አንዱን ዓመት ቡና ለቀማው ያዛቸው፣ ሌላውን የልጅ ሠርግ። በመጨረሻ በቁርጥ ተነሡ ሲባል ከበረንዳው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ዳሌው እንደ ነገሩ ገጥሞ በምርኩዝ መራመድ ሲጀምሩ ኡመይር ውሃው ዳር ወሰዳቸው። ገላና የሚባል ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አቀረበ። ታንኳዋ ከግንድ የተቦረቦረች፣ ወገብ የምታህል ጠባብ ናት፤ የገባ ሰው መንበርከክ አለበት። አዴ ዘይቡ ጉልበታቸውን ለማጠፍ ሲሞክሩ ያወጡት ድምፅ ኡመይርን ጥርሱን አስነከሰው።

"አዴ፣ ይቅርብዎት" አለ ገላና እየደገፋቸው፣ ኡመይር የያዘውን በርጩማ አይቶ። "እኔ ሰው እጭናለሁ፣ ወንበር ግን አልጭንም። ወንበር የጫንኩ ቀን ሁላችንም የዓሣ ምሳ ነን።"

የአዴ ዘይቡ ዓይን ከውሃው ማዶ፣ እንደ ተደፋ ቅል ብቅ ካለችው ኮረብታ ላይ ነበር። ወደ ጅማ ሲመለሱም ሚኒባሱ ውስጥ ፊታቸውን ወደዚያው እንዳዞሩ ቀሩ። አሰንዳቦን እንዳለፉ ኡመይር ተናገረ።

"አዮ፣ በርጩማሽ ላይ እንደተቀመጥሽ እወስድሻለሁ።"

"በምን?"

"እሠራለሁ።"

"መቼ ነው እሱ?"

"የሚመጣው ክረምት ሲወጣ።"

"ውሃው ኮረብታዋን ካልዋጣት፣ እኔንም አፈር ካልዋጠኝ" አሉ አዴ ዘይቡ። "ኢንሻአላህ በል እንጂ!"

"ኢንሻአላህ" አለ ኡመይር።

ጀልባ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቅም። ለገላና ደወለና በርጩማ የሚችል ስፋት ያለው ነገር ሊሠራ እንዳሰበ ነገረው። ገላና ከወዲያ ማዶ እስኪያስለው ሳቀ።

"ኡመይር፣ ያልከኝ እኮ አልጋ ነው። አልጋ ማን ይቀዝፋል?"

መልሱ የመጣው ካላሰበው ሰው ነው። ከፈለ የሱቅ ጎረቤቱ ነው፤ የአይሱዙ ጭነት የሚሸፍን ሸራ ይሰፋል። አንዱ ሲጾም ሌላው በጓሮ ተደብቆ እየበላ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተው አርጅተዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከፈለ፣ ከአጋሮ ቡና ጭኖ የመጣ መኪና ላይ አዲስ ሸራ ሲያለብስ፣ ነፋስ ከሸራው ሥር ገባና ነፋው። ማዕዘኑን የያዙት ሌሎቹ ሰዎች ለቀቁት። ከፈለ የገዛ ስፌቱ ነውና አልለቀቀም። ሸራው ከነከፈለ ተነሣ፤ መንገዱን አሻግሮም ጎመን ተራው መሃል አስቀመጠው።

"አንተ ሰውዬ!" አለች ጎመን ሻጯ። "ጎመን የሚገዛው በእግር መጥቶ ነው!"

መርካቶ በሳቅ ፈረሰ። ኡመይር ብቻ አልሳቀም። መጥረቢያውን እንደያዘ መጥቶ ከፈለ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"ከፈለ፣ ስንት ኪሎ ነህ?"

"ተሰበርክ ወይ ብለህ አትጠይቅም?"

"ስንት ኪሎ ነህ?"

"ሰማንያ አምስት። ዛሬ ግን ሁለት ኪሎ የማልሞላ መሰለኝ።"

ኡመይር ሸራውን አነሣና በጣቶቹ መሃል አሸው። ነፋሱ አሁንም ጫፉን ያርገበግበዋል። ትምህርት ቤት ሳለ ከአንድ መጽሐፍ ላይ ያየው ሥዕል ትዝ አለው፤ ሆዱ የተነፋ ነጭ ጨርቅ የተሸከመች ጀልባ፣ የሚቀዝፍ ሰው የሌላት።

"እናቴና በርጩማዋ ያንተን ግማሽ ነው የሚመዝኑት" አለ።

ከፈለ ከጎመኑ መሃል ቀና ብሎ አየው። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው ሰው መሆኑን የተጠራጠረ ይመስል ነበር።

ሥራው ጅሬን ግቢ ውስጥ ተጀመረ። ኡመይር መጀመሪያ የእናቱን በርጩማ መሬት ላይ አስቀመጠና በዙሪያው በከሰል መስመር አሰመረ፤ ጀልባዋ ከዚያ መስመር ወደ ውጭ አደገች። የዋንዛውን ሳንቃ ያደረቀው በርጩማ በሚያደርቅበት መንገድ ነው። ወጥ ቤቱ ጣራ ሥር፣ ከጭሱ በላይ፣ በጋውን በሙሉ አቆየው። በርጩማ ሠሪ እርጥበትን እንደ ባላንጣ ነው የሚያየው፤ እርጥብ እንጨት ዛሬ ይታዘዛል፣ ነገ ይሰነጠቃል። ሳንቃው ሲመታ እንደ ነጋሪት እስኪጮህ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ የጀልባዋን የጎድን አጥንት ተከለ፣ ሳንቃውን ገጠመ፣ መጋጠሚያውን በቃጫና በሬንጅ ደፈነ። መሃሏ ላይ እንደ ቤት ምሰሶ ያለ ቀጥ ያለ ግንድ አቆመ።

ሰፈሩ ክረምቱን ሙሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ባሕር በሌለበት ኮረብታ ላይ ጀልባ ሲሠራ ያየ ሰው ምን ይላል? "ነቢ ኑህ" ይሉት ጀመር።

"ነቢ ኑህ እንኳ ከሰማይ ወሕይ መጥቶለት ነው" አለች ሚስቱ ናኢማ፣ በጀልባዋና በልብስ ማስጫው መሃል እየተሽለኮለከች። "ለአንተ የመጣልህ ከፈለ ነው።"

አዴ ዘይቡ ግን አላሾፉም። በርጩማቸው ስለተወሰደባቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን ሳንቃ በዓይናቸው ይከተላሉ። አንድ ቀን ብቻ ተቆጡ። ኡመይር "እንግዲህ አዮ፣ በሸራ ነው የምንሄደው" ያላቸው ቀን ነው።

"በምን አልክ?"

"በሸራ።"

"ሸራ ውስጥ ሁለተኛ አልገባም!"

ኡመይር መዶሻውን አስቀመጠ። ከቡርቃ የወጡ ጊዜ አዲሱ ቤት እስኪቆም ክረምቱን የገፉት በሸራ ድንኳን ውስጥ ነው። እሱ ያኔ ጅማ ሥራ ላይ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ እናቱን የሚያገኛቸው ከሚያንጠባጥብ ሸራ ሥር፣ ዱቄቱን በነጠላቸው ሸፍነው ነው። ለእሱ ሸራ ማለት ከፈለን ያበረረ ነገር ነው፤ ለእሳቸው የዚያ ክረምት ስም ነው።

"ከላይሽ አይሆንም፣ አዮ" አለ ቀስ ብሎ። "ከፊትሽ ነው የሚሆነው። ሰማዩን አይከልልሽም።"

አዴ ዘይቡ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "እንዲያ ከሆነ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ካንጠባጠበ ግን እወርዳለሁ።"

ኅዳር ሲገባ፣ ቡናው በየደጁ ሲሰጣ፣ ጀልባዋ በአይሱዙ ተጭና ወረደች። ከፈለ የሰፋውን ሸራ እንደ ሙሽራ ልብስ አጥፎ ታቅፎ መጣ። አዴ ዘይቡ ጋቢና ተቀመጡ። ውሃው ዳር ሲደርሱ ከተዛወረው መንደር ያልመጣ ሰው አልነበረም። ውሃው ሞልቶ ነበር። ቱሉ ቦሩ ከሩቅ የጀበና ክዳን አክላ ትታያለች፤ መቃብሩ ከውሃ በላይ ይሁን በታች ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አልቻለም።

ጀልባዋን ተሸክመው አወረዷት። "ቢስሚላህ!" አለ ኡመይር። ተንሳፈፈች። ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ሳያልቅ በአንዱ መጋጠሚያ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ገባ፤ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያም በሁሉም። ኡመይር በእጁ ይደፍናል፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል ይስቃል። ጀልባዋ እንደ ደከማት ላም ቀስ ብላ ተኛች፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመው ኡመይርና ምሰሶው ብቻ ቀሩ።

"አልጋ ነው አላልኩም?" አለ ገላና። "ይኸው ተኛ።"

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከፈለ ሸራውን ይበልጥ አቀፈ። ኡመይር አንገቱን ደፍቶ ወጣ። የፈራው ሳቁን አይደለም፤ ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን እናቱን ነው። ዓመት ሙሉ ጠብቀውት ነበር፤ ሌላ ዓመት እንዲጠብቁት መጠየቅ እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ።

"አዮ፣ አልሆነም" አለ።

"ምኑ?"

"ታፈሳለች። በየመጋጠሚያው።"

"እንጨቱን የት ነው ያደረቅከው?"

"ጭሱ ላይ። በደንብ አድርቄዋለሁ፣ በጋውን ሙሉ።"

አዴ ዘይቡ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ፤ ኡመይር የሚያለቅሱ መስሎት ነበር። እየሳቁ ነው።

"ያ አላህ፣ በርጩማ ነው የሠራህልኝ!" አሉ። "ገበቴ አታውቅም? ያልሠራሁበት ገበቴ ደርቆ ሲሰነጠቅ ምን አደርገው ነበር? እጥለዋለሁ? ውሃ ውስጥ ነው የማሳድረው፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ አፉን ይዘጋል። ጠምቷት ነው፣ ልጄ። ዓመት ሙሉ ጭስ ላይ አስቀምጠህ አስጠማሃት። ቢሻን ሃ ዱግዱ! ውሃ ትጠጣ። ተዋት።"

እንዳሉት ተዋት። ዳግመኛ ተንሳፍፋ ጠጥታ ሳትጨርስ እንዳትወጣ ሆዷን ድንጋይ ሞሏትና ጠለቅ ካለው ውሃ ሥር አሳረፏት። እናትና ልጅ ዘመድ ቤት አረፉ። ከፈለ "ሸራ ሰፊ ከሸራው አይለይም" ብሎ አብሯቸው ቀረ፤ ሱቁን ለማን እንደተወ ሲጠየቅ "ለነፋሱ" ይላል።

ኡመይር በየቀኑ ውሃው ዳር ወርዶ ይቀመጣል። የምትታየው የምሰሶዋ ጫፍ ናት። የቡርቃ ሰው ቤቱን ሲያፈርስ ቆርቆሮውን ወሰደ እንጂ ምሰሶውን አልነቀለም፤ ውሃው የመጣ ጊዜ ግድግዳው ቀለጠ፣ አጥሩ ሄደ፣ ምሰሶዎቹ ግን ለብዙ ቀን ጫፋቸው እየታየ ቆመው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጅማ ሲመጣ የእነሱንም ቤት ምሰሶ አይቷል፤ አንዲት ወፍ ቆማበት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የለም። አሁን የራሱ እጅ ያቆመውን ምሰሶ በዚያው ውሃ ውስጥ ሲያይ፣ ልቡ ሁለቱን ለይቶ ማየት እንቢ አለው።

ሳምንቱ ሲሞላ ድንጋዩን አወጡና ጀልባዋን ወደ ዳር ስበው ውሃዋን ቀዱት። ኡመይር እውስጧ ገብቶ በጉልበቱ ተንበረከከና ጠበቀ። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ዳሰሰ። ከሳምንት በፊት ምላጭ ያስገባ የነበረው ክፍተት ጥፍር አላስገባም። ሳንቃ ከሳንቃ ተነካክሶ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች መስላለች። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ውሃ፣ ሚስማር የማይሠራውን ሠርቶ ጨርሶ ነበር።

"ሱብሓነላህ" አለ በሹክሹክታ።

ገላና ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ታንኳውን ሊያዘጋጅ ሄደ።

ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ በኩል ወደ ኮረብታዋ ይነፍሳል። አዴ ዘይቡን አራት ሰው ተሸክሞ አስገባቸው፤ በርጩማው ሦስት እግሩን ወለሉ ላይ ተከለና ዝም አለ። ኡመይር ኋላ ተቀምጦ መቅዘፊያውን እንደ መሪ ያዘ። ከፈለ ከዳር ሆኖ የገመዱን ነገር እየጮኸ ያዛል።

"ሲነፋ አጥብቀህ ያዝ! ሲያይል ላላ አድርግ! እኔ ያላደረግኩትን አድርግ፣ ልቀቅ!"

"ሂዱ" አለ ገላና ታንኳው ውስጥ ሆኖ። "እኔ ከኋላ እከተላለሁ። መመለሻውን እየጎተትኩም ቢሆን አመጣችኋለሁ።"

ሸራው መጀመሪያ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለ። አንዴ ተርገበገበ፣ ደግሞ ተርገበገበ። ከዚያ ሆዱን ነፋ፤ ኡመይር ገመዱ በእጁ ውስጥ ነፍስ ሲዘራ ተሰማው። ዳርቻው ያለ ድምፅ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። የሚቀዝፍ የለም፣ የሚጎትት የለም፣ ሞተር የለም፤ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ውሃው ሲሰነጠቅ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ አለ። በዕድሜው ሁሉ አንድ ነገር የተንቀሳቀሰው ጡንቻው ስለገፋው ነው። ይኼን ግን እሱ አይደለም የሚገፋው።

አዴ ዘይቡ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ጠየቁ። "ማን ነው የሚገፋን?"

"ማንም አዮ። ነፋስ ነው።"

"ነፋስ" አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳሰሱት። "ዱጋ ነው? እውነት ነፋስ እንዲህ ገር ነው?"

ትንሽ እንደሄዱ ውሃውን አተኩረው ያዩ ጀመር። ውሃው ቡናማ ነው፣ ክንድ ያህል እንኳ ወደ ታች አያሳይም። እሳቸው ግን ወዲያ ያለውን ተራራና ወዲህ ያለውን ዛፍ እያመሳከሩ መንገዱን አገኙት።

"ይሄ ወፍጮ ቤቱ ነው። ትንሽ ወደ ግራ መስጊዱ። እዚህ ጋ ቀስ በል፣ የዙህራ ቤት ነው፤ ውሻዋ ክፉ ነው።"

ኡመይር በእርግጥም መቅዘፊያውን ያዝ አደረገ።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ሸራው ተጨማደደና ወደቀ፤ ጀልባዋ በጠፍጣፋው ውሃ መሃል ተገተረች። ገላና ሩቅ ነው፤ ነፋሱ ሳለ ሊደርስባቸው አልቻለም ነበር። ኡመይር በመቅዘፊያው ውሃውን ገፋ፤ ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ገፋ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፣ ኮረብታዋ ገና ናት፣ ላቡ በዓይኑ ገባ።

"ተው" አሉ እናቱ። "ቤታችን ደርሰን ነው የቆመው።"

ኡመይር ቀና አለ። ያን ተራራ፣ ያን ዛፍ እሱም ያውቃቸዋል። ከበራቸው ቆሞ ከብት ሲጠብቅ ያያቸው የነበሩት ናቸው፣ በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ርቀት፤ ከፍ ብሎ ከማየቱ በቀር። ከጀልባዋ ሆድ ሥር ያለው ጓሮው ነው።

አዴ ዘይቡ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። እንግዳ ከሰው አጥር ውጭ ቆሞ እንደሚያደርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው ተጣሩ።

"ቤቶች!"

ድምፃቸው በውሃው ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ኡመይር ማን መልስ ይሰጣል ብሎ እንደጠበቀ አያውቅም፤ ግን ጠበቀ። ኋላቸው የገላና ታንኳ ቆማለች፤ ገላናም መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ኮፍያውን አውልቋል።

"ቤቶች! አሰላሙ አለይኩም!" አሉ አዴ ዘይቡ ደግመው፣ ከዚያ ፈገግ ብለው ቀና አሉ። "ማንም የለም። ሁሉም ወደ ላይ ሄዷል። እንሂድ።"

ነፋሱ ሲመለስ ኡመይር መጀመሪያ በአንገቱ ላይ ተሰማው። ሸራው ራሱን ሰብስቦ ተነሣ።

ውሃው ከመቃብሩ በታች ክንድ ያህል ቀርቶት ቆሞ ነበር። ኮረብታዋን ግን ኡመይር አላወቃትም። ራሰ በራ የነበረችው ቱሉ ቦሩ በቡና ተሸፍናለች። ውሃው ከመምጣቱ በፊት ከጓሯቸው ወፍና ጦጣ ያሻገሩት ፍሬ፣ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያርመው አድጎ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ቀልቶ ይጠብቃል። የለቃሚ እጅ አላየም። ከሥሩ ያለው አፈር በየዓመቱ በረገፈው ፍሬ ጠቁሯል።

ኡመይር እናቱን አዝሎ አወጣ፤ ገላና በርጩማውን ተሸክሞ ተከተለ። መሬቱ ዘቅዛቃና ድንጋያማ ነው፤ በርጩማው ግን ቦታውን ፈልጎ ጸና። አዴ ዘይቡ ከመቃብሩ ራስጌ ተቀምጠው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሲጨርሱ እንደ ወትሮው ያወሩ ጀመር።

"ዘገየሁብህ፣ አባ ዳባ" አሉ። "ልጅህ ጀልባ ሲሠራ ነው። አስጠምቶ አመጣት፤ አሁን ግን ጠጥታለች። ቡናህን ደግሞ አየሁት። ማን ይለቅመዋል ይሄን ሁሉ?"

ኡመይር ፈንጠር ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዲት የበሰለች የቡና ፍሬ ቀጠፈና አፉ ውስጥ አደረጋት፤ ልጅ ሳለ ከጓሮ እየሰረቀ የሚመጥጣት የነበረችው ያችው ጣፋጭ ናት። ገላና ወደ ታች ወርዶ፣ ሳያስፈቅድ ጀልባዋ ውስጥ ገብቷል። መጋጠሚያዋን በመዳፉ እየዳበሰ፣ አንገቱን ቀልሶ፣ በምሰሶው ላይ ቀስ እያለ የሚነፋውንና የሚጨማደደውን ሸራ ያያል።

"ኡመይር!" ብሎ ጮኸ ከታች። "አንዲት ጠብታ የላትም እኮ!"

"ቀስ!" አሉ አዴ ዘይቡ። "ሰው ተኝቷል።"